ካቻቪቴና ሰርተፍኬት

መርካቶ ውስጥ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ካሉት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቆች በአንዱ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ። ትምህርቱን 10ኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ነው ካቻቪቴ የጨበጠው። የሞተ ስልክ ሲመጣለት በግምት አይፈታታም። መጀመሪያ ባትሪውን ይለካል። ባትሪው ደህና ከሆነ የቻርጀር መሰኪያውን ያያል፤ እሱም ደህና ከሆነ ቦርዱን ይከፍታል። «ይህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ካልሆነ ወደሚቀጥለው እለፍ» የሚለው ሥርዓት የፕሮግራሚንግ ሀሁ ነው። ልጁ ስሙን ባያውቀውም ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል።

አንድ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ መንገድ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ሲነሳ፣ ሱቁን መልሶ እየከፈተ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ኮደርስ የሚሉት ለኔ ቢጤ ይሆናል?»

«5 ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች» የተባለውን የኢንተርኔት ሥልጠና ማለቱ ነው። ብዙ ተወርቶለታል። የተመዝጋቢውና የሰርተፍኬቱ ቁጥር በየጊዜው ይነገራል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በዚህ ልጅ ጥያቄ ልመዝነው ወደድሁ።

ሥልጠናው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የተጀመረ ሲሆን አጋሩ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ነው። ሐሳቡ አስቀድሞ ዱባይ ላይ ተሞክሯል፤ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «አንድ ሚሊዮን የዓረብ ኮደሮች» የሚል ተመሳሳይ ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። የእኛው የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ማልማት፣ የዳታ ትንተናና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ኮርሶች አሉት። ክፍያ የለውም፤ የጨረሰ ሰርተፍኬት ያገኛል።

መልካም ጎኑ ቀላል አይደለም። ሱቅ ዘግቶ ኮሌጅ መመላለስ የማይችል ሰው ማታ፣ በራሱ ሰዓትና በራሱ ፍጥነት መማር ይችላል። ያልገባውን ቪዲዮ አሥር ጊዜ ቢደግመው የሚቆጣው መምህር የለም። የፕሮግራሚንግ መሠረቱም ለጀማሪ ተስማሚ ነው፤ ቀላል ድረ ገጽ ለመሥራት የጽሑፍ ማዘጋጃና ብሮውዘር ይበቃሉ፤ አሮጌ ኮምፒውተርም አያስቸግረውም።

አንድሮይዱ ላይ ግን ነገሩ ይቀየራል። መርካቶ አንድሮይድ ስልክ የሞላበት ስለሆነ ለዚህ ሰፈር የተሰፋ ኮርስ ይመስላል። ዳሩ ግን የአንድሮይድ መተግበሪያ በተለመደው መንገድ የሚሠራው አንድሮይድ ስቱዲዮ በሚባለው ሶፍትዌር ነው፤ እሱ ደግሞ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ይጠይቃል። በእጁ በቀን ደርዘን ስልክ የሚያልፍ ልጅ፣ ለስልክ መተግበሪያ መሥራትን በስልኩ ሊለማመደው አይችልም። ቪዲዮውን አይቶ፣ ጥያቄውን መልሶ ያልፋል እንበል፤ የሠራው መተግበሪያ የት አለ? ካቻቪቴ ሳይዙ ስለ ጥገና እንደ መስማት ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ቋንቋው ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ፕሮግራመር ኋላ ላይ እንግሊዝኛ አይቀርለትም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ፅንሰ ሐሳብና የባዕድ ቋንቋውን በአንድ ጊዜ ማሸከም ሁለቱንም ያስጥላል። ቴክኖሎጂው ራሱ እንቢ አላለም፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገብቷል። ፓይተን 3 በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ «ዋጋ = 34» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበለዋል።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉም ያስቆጫል፤ ምሳሌዎቹ እዚህ አልተወለዱም። በዓለም ላይ ፕሮግራመሮች ከሚለማመዱባቸው ታዋቂ ጥያቄዎች አንዱ «የኢትዮጵያ ማባዛት» ይባላል። ጥንታዊ ግብፅና የሩሲያ ገበሬዎችም የሚታወቁበት ዘዴ ነው፤ ስሙ ግን በእኛም ተጠርቷል። ለልጁ በካርቶን ቁራጭ ላይ ሠራሁለት። 17 ከቨር አንዱ በ34 ብር ስንት ነው? በግራ 17ን እያጋመስን ትርፉን እንጥላለን፦ 17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ 34ን በእጥፍ እናሳድጋለን፦ 34፣ 68፣ 136፣ 272፣ 544። በግራ ተጋማሽ ቁጥር፣ ማለትም 8፣ 4ና 2 የወጣባቸውን ረድፎች እንሰርዛለን። የቀሩትን 34ና 544 ስንደምር 578 ብር።

ልጁ ካልኩሌተሩን አውጥቶ አረጋገጠ፤ ቀጥሎም ጣቱን በተሰረዘው ረድፍ ላይ አሳርፎ «ይሄ ለምን ተሰረዘ?» አለኝ። ተጋማሽ ቁጥር ሲጋመስ ምንም አይተርፍም፤ ጎዶሎ ሲጋመስ ግን አንድ ይተርፋል፤ የተረፈችውን አንድ የምንቆጥራት ከጎኗ ባለው ቁጥር ነው። 17 ማለት 16ና 1 ስለሆነ የምንቆጥረው ሁለት ረድፍ ብቻ ነው። ኮምፒውተርም ቁጥርን የሚይዘው እንዲሁ በእጥፍ በእጥፍ በሚያድጉ ቁጥሮች ድምር ነው። በአንድ ካርቶን ላይ ድግግሞሽ፣ ውሳኔና የኮምፒውተር ቁጥር አሠራር ተገለጡ። ኮርሱ በእንዲህ ዓይነት ቢከፈት ምን ይጎድልበት ነበር?

ከእነዚህ ጉድለቶች ሌላ ሰርተፍኬት መቁጠሩ ራሱ ያሳስባል። እንዲህ ዓይነት የኢንተርኔት ኮርስ በየትም ዓለም የሚመዘገቡት ይበዛሉ፣ የሚጨርሱት ያንሳሉ። ጨርሶ ሰርተፍኬት የያዘ ሁሉ ደግሞ ኮድ ይጽፋል ማለት አይደለም። መርካቶ ላይ የእጅ ሙያ የሚለካው «ምን ሠርተሃል?» በሚል ነው። ፕሮግራሙም በሰርተፍኬቱ ፋንታ ተማሪው የሠራውን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የሱቅ ዱቤ መዝገብ፣ እንዲያሳይ ቢጠይቅ ቁጥሩ ቢያንስም ክብሩ ይጨምር ነበር።

ለልጁ የመለስኩለት ይህን ነው፦ «ተመዝገብ። በፕሮግራሚንጉ ጀምር። አንድሮይዱን ኮምፒውተር እስክታገኝ አቆየው።»

«እንግሊዝኛውስ፣ ጋሼ?»

ለእሱ መልስ አልነበረኝም። ካርቶኑን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከካቻቪቴዎቹ ጋር አኖረው።