የግሸን ግዞተኞችና የሐረግ ቆጠራችን

በሐይቅና በአምባሰል አገር የትውልድ ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ የሰማኋቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያሉ ወደ ላይ ሲወጡ፣ አንዳንዶቹ ግሸን አምባ ላይ ይደርሱና «እንግዲህ እኛ የነገሥታት ዘር ነን» ብለው ያቆማሉ። መቁጠራቸውን አልነቅፍም፤ አያቶቹን በስም የሚያውቅ ሰው ይመሰገናል። የምነቅፈው በቆጠራው ውስጥ የሚጣለውን ነገር ነው። ለእነዚያ አባቶች ግሸን ግዞት እንጂ ቤተ መንግሥት አልነበረምና።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ፤ ዓመቱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹና ዘመዶቹ ዙፋኑን እንዳይሻሙ፣ ዙሪያው ገደል በሆነው በግሸን አምባ ላይ ይጋዙ ነበር። ጥፋታቸው ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ብቻ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434፣ ዐፄ ናዖድም በ1494 ከመንገሣቸው በፊት በዚህ አምባ ላይ ተግዘው ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ተራራውና ስለ ጠባቂዎቹ ጽፏል። ልማዱ በጎንደር ዘመን በወህኒ አምባ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬ «ወህኒ ቤት» የምንልበት ስም የመጣው ከዚያ ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውልናል። መጽሐፉ የሐበሻን ልዑላን በአንድ የተድላ ሸለቆ ዘግቶ ያኖራቸዋል፤ ምግቡም፣ ዘፈኑም፣ አትክልቱም ሞልቷል። ጆንሰን አገራችንን በእግሩ ረግጦ አያውቅምና፣ የግሸንን ደጋና ገደል የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ሊል ይችላል። ነገር ግን ደራሲው ዋናውን ነገር አልሳተም። ልዑሉ በዚያ ሁሉ ምቾት መካከል መውጣትን ይመኛል፤ በመጨረሻም ተራራውን በስቶ ያመልጣል። ስለዚህ የባዕዱ ልብ ወለድ፣ ስፍራውን ቢስትም፣ ከእኛ የሐረግ ቆጠራ ይልቅ እውነቱን ጠብቋል እላለሁ። እኛ ልዑሉን ይዘን እስረኛውን ጥለነዋል።

ጆንሰን በ1784 ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1788፣ ከአገሩ የተነሡ መርከቦች ወንጀለኞችን ጭነው አውስትራሊያ ደረሱ፤ እስከ 1868 ድረስም ወደ 162,000 የሚሆን ሰው ተጋዘ። የብዙዎቹ ጥፋት ሌብነት ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ይህን ለረጅም ዘመን ሲደብቁት ኖሩ። የቫን ዲመን ምድር ትባል የነበረችው ደሴት እንኳ የግዞተኛ አገር የሚለውን ስም ለመሸሽ በ1856 ታዝማኒያ ተባለች። ዛሬ ግን ግዞተኛ አያት ያገኘ አውስትራሊያዊ በደስታ ይናገራል። በመዝገቡ ላይ የግዞተኛው ስም፣ ወንጀሉ፣ ቁመቱና የዓይኑ ቀለም ሳይቀር ተጽፎ ያገኛል። የሚያገኘው ማዕረግ ሳይሆን ሰው ነው። እነዚያ ስለ እስሩ ሲሉ አያታቸውን ደበቁ፤ እኛ ደግሞ ስለ አያታችን ክብር ስንል እስሩን ደበቅን። ሁለቱም ያው መደበቅ ነው።

ይህ ከምን መጣ? ሐረግ መቁጠር ለአባቶቻችን የምሽት ጨዋታ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በአባትም በእናትም ተቆጥሮ ከአቅኚው አባት ሲደረስ ስለ ነበር፣ ቆጠራው በዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ጥቅም አስቀረው። የቀረው ኩራቱ ነው። ኩራቱም ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በዘር ሲያስንቅ፣ የሚዋደዱ ወጣቶችንም እንዳይጋቡ ሲከለክል አይተናል።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። አንዱን ትውልድ በ25 ዓመት ብንቆጥር፣ 500 ዓመት 20 ትውልድ ይሆናል። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያልን ብንወጣ በሃያኛው ላይ 1,048,576 ስፍራ እናገኛለን። አንዱ ሰው ብዙውን ስፍራ ደጋግሞ ቢይዘውም፣ ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ የግሸን ልዑል ቢገኝ የቀሩት እነማን ናቸው? በሩን የጠበቀው ዘበኛ፣ እህል የተሸከመው ገባር፣ ያ የተናቀው ሸማኔ ናቸው። ልዑሉም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብ የግዞትን ምሬት ቀምሰው ነገሡ፤ ግዞቱ ግን አልቀረም። እንግዲህ በአንዱ ሐረግ፣ አንዳንዴም በአንዱ ሰው፣ እስረኛውም አሳሪውም አሉ።

በዚሁ በአገራችን ሌላ ዓይነት ሐረግም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ አስተማሩ፤ መጻሕፍትም አሰባሰቡ። መነኩሴ ናቸውና የሥጋ ልጅ አልተዉም፤ ነገር ግን እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዛሙርታቸው ስለ ሆኑ፣ ብዙ ገዳማት የምንኩስና ልደታቸውን ሲቆጥሩ በእርሳቸው በኩል ያልፋሉ። ይህ ሐረግ የሚጠይቀው ከማን ተማርህ ብሎ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ሽማግሌ ሐረግ ሲቆጥርላችሁ አትሳቁበት፤ ወረቀት አምጡና ጻፉ፣ የእናቶችንም ስም አስጨምሩ። በየስሙ ላይ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ሰው ምን ሠራ? ምንስ ደረሰበት? ግሸን ላይ ስትደርሱም «ነገሥታት» ብላችሁ አታቁሙ። «ያለ ጥፋቱ ታስሮ ነበር» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያም አያታችሁ ላይ የተደረገውን በጎረቤታችሁ ላይ አታድርጉ።