ፋይሉ ደርሶ ፊደሉ ሲቀር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል የሌለውን ማሽን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ አሮጌውን ዴስክቶፕና አዲሱን ላፕቶፕ አንድ ላይ ይዞ «ገልብጥልኝ» የሚል ደንበኛ ይመጣብናል። መገልበጡን ማንም ይችለዋል። ሙያው የሚጠይቀው ዓይን የማያርፍበትን ማስታወስ ነው።

እኛ አገር ቀድሞ የሚጠፋው ፊደሉ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶች ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ የጻፉት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፎንቶች ነው። እነዚህ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ያስቀመጡ ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ኮድ ብቻ ነው፤ አማርኛ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ያልተጫነበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሰነዱ ሲከፈት ገጹ በማይነበብ ምልክት ይሞላል፤ ባለቤቱም ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። አሮጌው ማሽን ሳይጠፋ የፎንት ማህደሩን ቀድቶ አዲሱ ላይ መጫን ይበቃል።

ሁሉም ወደ ዩኒኮድ ይቀየር የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ አልስማማም። ዳግም የማይነካውን የቆየ ሰነድ ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የሚቀየረው ገና እየታረመ ያለው ብቻ ይሁን። ፎንቱን ሳይለይ የሚሠራ መቀየሪያ በአማርኛው መሐል የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ስም ጭምር ወደ ትርጉም አልባ ፊደል ይለውጠዋል። የተቀየረው ሁሉ ከዋናው ጋር ተነጻጽሮ በዓይን መነበብ አለበት፤ በተለይ የሰው ስምና የገንዘብ ልክ ያለበት ሰነድ። የዕድሜ ልክ ጸሐፊ ስትመጣ ደግሞ «እትዬ፣ ጣትዎ የለመደው የትኛውን አጻጻፍ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። የቁልፍ አቀማመጡ ከተለወጠባት በፍጥነት ትጽፍ የነበረች ሴት አንድ አንድ ፊደል ስትፈልግ ትውላለች።

እኛ ባለንበት በጋሞ ዞን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። ጋሞኛ ትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቆይቷል። ወርድ ቋንቋውን ስለማያውቀው ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ቀይ መስመር ያሰምራል፣ አንዳንዱንም በራሱ ፈቃድ ወደ እንግሊዝኛ ያርመዋል። መምህሩ ቃሉን «ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር» እያለ ዓመታት ሲሠራ፣ የጨመራቸው ቃላት አፕዴታ በተባለ የተደበቀ ማህደር ውስጥ፣ ከስተም የሚል ስም ባለው ፋይል ይጠራቀማሉ። ተራ ጽሑፍ ነው፣ ክብደቱም ከአንዲት ፎቶ ያነሰ ነው። ሰነዶቹን ብቻ የገለበጠ ሰው ይህን አሮጌው ላይ ጥሎት ይሄዳል። ለእኔ ግን ከሙሉው ዲስክ ውድ የሆነው እሱ ነው፤ የአንድ መምህር የጋሞኛ ቃላት ዝርዝር በሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። እዚያው አካባቢ የደብዳቤው አርማና ጠርዝ የተቀመጠበት የወርድ አብነትም አለ። ሁለቱንም ከሁሉ በፊት እቀዳለሁ፤ ያረጀ ሀርድ ዲስክ በሲቀላ ሙቀት ለሰዓታት ሲነበብ መሐል ላይ ሊያቆም ስለሚችል፣ ፊልሙና ዘፈኑ መጨረሻ ይምጣ።

ቀሪው ጥንቃቄ ነው። መብራት በማንኛውም ሰዓት ስለሚሄድ ኮፒ እንጂ ካት አይደረግም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሮቦኮፒ የተቀዳውን እየዘለለ ካቆመበት ይቀጥላል። በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ የሠርግ ቪዲዮ አይቀበልም። ማህደሮቹ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ቫይረስ ደብቋቸው ነው እንጂ አልጠፉም፤ አሮጌው ሳይጸዳ አዲሱ ላይ ምንም አይሰካ። ክሮም ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች በዊንዶውስ ተጠቃሚው ቁልፍ የተቆለፉ ስለሆኑ ማህደሩን መገልበጥ አይበቃም፤ አሮጌው ማሽን እየሠራ ሳለ ከክሮም ራሱ ማውጣት ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪም እንዲሁ፣ በራሱ ባክአፕ ይወሰድ።

ከዚያ ደንበኛው አሮጌውን ፎርማት አድርጌ እንድሸጥለት ይጠይቃል። እንዲቆይ እለምነዋለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት የሒሳብ ሠንጠረዥ መጉደሉ የሚታወቀው ያን ሰሞን ነው። ኮምፒውተሩን መሸጥ ግድ ከሆነ ዲስኩን አውጥቼ ስምና ቀን ጽፌበት እሰጠዋለሁ። ሐምሌ ላይ የጎደለ ነገር ካልተገኘ ይዞት ይምጣ፣ ያኔ ላዩ ላይ ደግመን ጽፈን እናጠፋዋለን። በፈጣኑ ፎርማት ብቻ የተደመሰሰ ፋይል ገዢው እጅ ላይ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።