የከለላው ወሰን፤ በፕላዝማ ውስጥ ያለ አቶም ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚሰላበት ዘዴ

ብርሃን በአቶም ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖቹን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ውዝዋዜው ከብርሃኑ መስክ ጋር ይመጣጠናል፤ ሲበረታ ግን ምጥጥኑ ይፈርሳል። ይህንንም ፍራንከንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 የሩቢ ሌዘር ቀይ ብርሃን በኳርትዝ ውስጥ አሳልፈው፣ የሞገድ ርዝመቱ እኩሌታ የሆነ ብርሃን በማግኘት አሳይተዋል። ለነጻው የሃይድሮጅን አቶም በማይለዋወጥ መስክ የተመጣጣኙ ምላሽ ልክ 4.5፣ ምጥጥኑን የሚያፈርሰው ደግሞ 1333.125 መሆኑ በአቶማዊ መለኪያ በትክክል ተሰልቷል።

አቶሙ በፕላዝማ ውስጥ ሲገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተለመደው ዘዴ ደባይና ሁከል እ.ኤ.አ. በ1923 ለጨው ውሁዶች ያወጡትን ሐሳብ መዋስ ነው። ይኸውም የፕላዝማው ኤሌክትሮኖች አስኳሉን ስለሚከልሉት ስበቱ ከርቀት ጋር ፈጥኖ ይደክማል ማለት ነው፤ የድካሙ መለኪያ የደባይ ርዝመት ይባላል። ርዝመቱ ሲያጥር አቶሙ ይሰፋል፣ ምላሹም ይጨምራል። ከ0.84 የቦር ራዲየስ በታች ሲወርድ አስኳሉ ኤሌክትሮኑን አስሮ ማቆየት አይችልም። ዘዴው ቀላል ነው፤ የለውጡንም አቅጣጫ ስለሚያሳይ ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም ሁለት ጥያቄዎች ሊነሡበት ይገባል።

አንደኛ፣ ከለላ የብዙዎች ሥራ ነው። የደባይ ርዝመት ትርጉም የሚኖረው በዚያ ርዝመት በተከበበው ሉል ውስጥ ብዙ ኤሌክትሮኖች ሲገኙ ነው። ኤሌክትሮኖቹን ብቻ ቆጥረን፣ ሙቀቱን 10 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ርዝመቱን 10 የቦር ራዲየስ ብናደርግ፣ ጥግግቱ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወደ 2 × 10²¹ ይደርሳል፤ በሉሉ ውስጥ የሚገኘው ግን አንድ ኤሌክትሮን ያህል ብቻ ነው! አንድ ኤሌክትሮን እንደ ጭጋግ ሊከልል አይችልም። ሙቀቱን ወደ 100 ብናሳድግ ቁጥሩ ወደ 12 ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ይህ ከሃይድሮጅን ማሰሪያ ጉልበት ከሰባት እጥፍ በላይ ስለ ሆነ ሳይፈርስ የሚቀረው አቶም ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ብርሃኑ ወደ አቶሙ መድረስ አለበት። የሞገድ ርዝመቱ 1.06 ማይክሮሜትር የሆነው የኒዮዲሚየም ሌዘር ብርሃን ጥግግቱ ከ10²¹ በላይ ወደ ሆነ ፕላዝማ አይዘልቅም፤ ይመለሳል። እንግዲያው ከላይ በጠቀስነው ፕላዝማ ውስጥ አቶሙ ለዚህ ብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ቢሰላ፣ መልሱ ለማን ይጠቅማል?

በሌላ በኩል የደባይ ርዝመት 100 የቦር ራዲየስ ሲሆን፣ በ10 ኤሌክትሮን ቮልት ሙቀት በሉሉ ውስጥ 12 ያህል ኤሌክትሮኖች አሉ፤ ጥግግቱም ወደ 2 × 10¹⁹ ስለሚወርድ ብርሃኑ ያልፋል። በዚያ ግን ዝቅተኛው የሃይድሮጅን ደረጃ ከነጻው አቶም የሚለየው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ዘዴው እውነቱን በሚናገርበት ስፍራ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ብዙ በሚናገርበት ስፍራ ደግሞ መታመኑ ይቀንሳል።

ይህን ማለታችን ዘዴው ይጣል ለማለት አይደለም። የምንጠይቀው ከእያንዳንዱ የስሌት ሠንጠረዥ አጠገብ ሙቀቱ፣ ጥግግቱ፣ በሉሉ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቁጥርና ብርሃኑ የሚመለስበት ወሰን እንዲጻፉ ነው። ከነጥብ በኋላ የተደረደሩ ስድስት አኃዞች የስሌቱን ጥራት ይመሰክራሉ እንጂ የተመሠረተበትን ግምት እውነትነት አይመሰክሩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ተማሪም ቁጥሩን ከመቅዳቱ በፊት ፕላዝማው ራሱ ሊኖር የሚችል መሆኑን ይጠይቅ።