የድድ ንቅሳትና የጤና ትምህርታችን ጉድለት

ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች በምንሰጠው ትምህርት የድድ ንቅሳት አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ግርጌ በስም ብቻ ተጠቅሶ ይታለፋል። ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ሲያነሣ ንቅሳቱን ለይቶ አይጠቅስም።

የውጭ አገር የሕክምና መጽሔቶች በአፍ ውስጥ ስለሚሰካ ጌጥ ሲጽፉ በአመዛኙ የሚያተኩሩት በምላስና በከንፈር ብረት ላይ ነው። ብረቱ ጥርስን ይሸርፋል፤ የታችኛው የፊት ጥርሶችን ድድ እየገፋ ሥራቸውን ያጋልጣል፤ ምላስ ሲያብጥም የአየር መተላለፊያን ሊያጠብ ይችላል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ከሲሪንቃ ወይም ከመርሳ ገጠር ወደ ወልድያ የመጣችን እናት አፍ የሚመረምር ባለሙያ ይበልጡን የሚያጋጥመው በንቅሳት የጠቆረ ድድ ነው።

ትምህርታችን የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ንቅሳቱን ለውበት ብቻ የሚፈጸም አድርጎ ይደመድማል። ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ደምቆ እንዲታይ መፈለጉ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ድዷ የሚደማ ሴትም ይፈውስሻል ተብላ ትወቀራለች። እንዲህ ላለችዋ «ተዪው» ማለት ሕመሟን ሳይጠይቁ መድኃኒቷን መንጠቅ ነው።

ጉዳቱም በሚገባ አልተተነተነም። ጥላሸቱ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ችግር አያስከትልም። የሚያስፈራው መርፌው ነው፤ ሳይቀቀል ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ ሲሸጋገር የጉበት ቫይረስ ቢንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባት ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ በቁስሉ ወደ ደም የሚገባው ባክቴሪያ የልቧን ቫልቭ ሊበክል ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ግን ቀለሙ የድድ ብግነትን መቅላት መሸፈኑ ነው። ዓይኑን ብቻ የሚያምን መርማሪ ድዷ ደኅና ነው ብሎ ያሰናብታታል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ግን ውስጥ ውስጡን እየተበላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን ትቶ ድዱ ሲነካ መድማቱን፣ ከጥርሱ መላቀቁን፣ ጥርሱም መነቃነቁን ማየት ይገባል። ደግሞም የጠቆረ ድድ ሁሉ ንቅሳት አይደለም። የተፈጥሮ ቀለም፣ የአዲሰን በሽታ፣ አልፎ አልፎም ሜላኖማ እንዲሁ ይታያሉ። መቼ ተወቀርሽ ተብላ ስትጠየቅ አልተወቀርኩም ካለች፣ ጥቁረቱም አዲስ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ፣ ሳይዘገይ ለከፍተኛ ምርመራ መላክ ይኖርባታል።