የዲስክ ጠባቂ ሥራ በምን ይታወቃል?

የሰርቨር ባለሙያን ሥራ «ማሽኑ ይሠራል ወይ?» ብሎ መመዘን አያዋጣም። ሬይድ የተፈጠረው አንድ ዲስክ ቢሞት እንኳ ሥራ እንዳይቋረጥ ነውና የሰነፉም ሰርቨር እንደ ጎበዙ ለወራት ደህና ሊከርም ይችላል። እኔ የማነበው ሂስትሪውን፣ ተርሚናሉ ላይ የተጻፉትን ትእዛዞች በየተራቸው ነው።

በሊኑክስ ላይ ያለ ሬይድ 5 እንውሰድ። ማስጠንቀቂያ መጥቷል። ጎበዙ መጀመሪያ ኤምዲስታት የሚባለውን ፋይል ይከፍታል፤ እዚያ ደህና ዲስክ ሁሉ በአንድ «ዩ» ይወከላል፣ የጎደለው ቦታ ላይ ጭረት ብቻ ይቀራል። ሬይዱን በሚያስተዳድረው ኤምዲአድም፣ ዲቴይል በሚለው አማራጭ፣ የወደቀውን ይለያል። ከዚያ በስማርትሲቲኤል የዲስኮቹን ሲሪያል ቁጥር ያወጣል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ ሲሪያሉ ግን ዲስኩ ላይ ታትሞ የመጣ ነው። አንድ ዲስክ ያጣ ሬይድ 5 ሁለተኛ አይችልም፤ ስሙን ብቻ አምኖ ጤነኛውን የነቀለ ሰው ሬይዱን በገዛ እጁ ይጥለዋል። የዲስኩ መሳቢያ የሚፈቅድ ከሆነ በሌድሲቲኤል መብራቱን አብርቶ የሚያረጋግጥ ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ማስጠንቀቂያ አንድ ጥያቄ ይበቃኛል፦ «የሙከራ መልእክት ልከህ ታውቃለህ?» ኤምዲአድም ሞኒተር ቴስት በሚለው አማራጭ ሲነሳ ለእያንዳንዱ ሬይድ የሙከራ ኢሜይል ይልካል። የተመዘገበው የለቀቀ ሠራተኛ አድራሻ ከሆነም ያኔ ይታወቃል።

ለሁሉም ነገር የሚጮህን ሲስተም ውሎ አድሮ የሚሰማው አይኖርም። ዲስኩ የራሱን ጤና የሚመዘግብበት ስማርት ከሚቆጥራቸው ውስጥ 5 ቁጥር፣ ማለትም ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮች፣ እና 197፣ ለመነበብ ያስቸገሩት፣ ክብደት አላቸው። 199 ከፍ ሲል ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኬብል ነው፤ ለዚህ ብሎ ዲስክ የሚቀይር ገንዘብ ያባክናል። ኬብሉ ከተቀየረም በኋላ ያ ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ጎበዙ የዕለቱን ጽፎ ይይዝና መጨመር አለመጨመሩን ብቻ ይከታተላል።

ዝምታም ቢሆን ጤና ማለት አይደለም። የጉግል ተመራማሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሞቱት ውስጥ ከሲሶ በላዩ በስማርት አንድም ስህተት ሳያስቆጥር ነው የሄደው። ስለዚህ ሬይዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ቼክ መኖሩን እፈትሻለሁ። ዴቢያን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በራሱ ያስኬደዋል፤ ያጠፋው ሰው ካለ ምክንያቱን መስማት እፈልጋለሁ።

ዲስኩ ገና ሳይሞት መንገዳገድ ሲጀምር ደግሞ ተራውና አዋቂው ይለያሉ። ተራው በፌይል ይጥለዋል፣ በሪሙቭ ያወጣዋል፣ በአድ አዲሱን ያስገባል፤ አዲሱ እስኪሞላ ሬይዱ ለሰዓታት ያለ መከታ ይቆያል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ግን አዲሱን አስቀድሞ ጨምሮ ሪፕሌስ ብሎ ያዛል፤ አሮጌው በቦታው ሳለ ይዘቱ ይገለበጣል፣ ሲያልቅ ብቻ ይሰናበታል። ሂስትሪ ውስጥ ይህችን ቃል ካየሁ ለሰውየው ያለኝ ግምት ከፍ ይላል። አልነሳ ባለ ሬይድ ላይ አሰምብል ሳይሞከር ክሪኤት ተጽፎ ካየሁ ግን ቀጥዬ የምጠይቀው ስለ ባክአፑ ነው፤ የዲስኮቹ ተራ ከተዛባ ዳታው አብሮ ሊሄድ ይችላልና።

ማሽኑ የሚነሳበት ሬይድ 1 ሲሆን ደግሞ ብዙዎች የሚረሱት አንድ ትእዛዝ አለ። በቆየው የባዮስ አነሳስ፣ በፓርቲሽን ላይ የተሠራ ሬይድ ዳታውን ወደ አዲሱ ዲስክ ይገለብጣል እንጂ ቡትሎደር አይጽፍለትም። ግሩብ ኢንስቶል ካልተጻፈ ጉድለቱ የሚታየው አሮጌው ዲስክም ሞቶ ማሽኑ አልነሳ ያለ ዕለት ነው።