ቀበቶው የማን ነበር?

የሀድሰን ቴይለር የባሕር ታሪክና «በእግዚአብሔር ተደገፍ» የሚለው ምክራችን፦ ሂሳዊ ንባብ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ ሲያርፍባቸው ከኖሩ የጣና ወደቦች አንዷ ቁንዝላ ናት። በዚያ ለገጠር ወንጌላውያን በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ላይ እንዳስተምር ተጋብዤ ነበር፤ ርእሴም «በዕለት ተዕለት ኑሮ በእግዚአብሔር መደገፍ» የሚል ነበር። ከሐይቅ ዳር ስለ ነበርን የባሕር ታሪክ ይስማማል ብዬ፣ ሀድሰን ቴይለር ወደ ቻይና ሲጓዝ በማዕበል መካከል የመንሳፈፊያ ቀበቶውን ለሌላ እንደ ሰጠና በጌታ ብቻ ተደግፎ ፍጹም ሰላም እንዳገኘ ተረክሁ። ተሰብሳቢው «አሜን» አለ። እኔም ትምህርቱ እንደ ተሳካ ቆጠርሁ።

በዕረፍት ሰዓት በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አንድ ወንጌላዊ ቀርበው፣ «መምህር፣ ቀበቶው የማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። የራሱ እንደ ነበረ ነገርኋቸው። «እንግዲያው የእኛ ጉዳይ ይለያል» አሉ። ደመወዛቸው ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። ልጃቸው በተደጋጋሚ ትታመማለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ሲደርስ የዓመቱን መዋጮ ቤተ ክርስቲያን እንድትሸፍንላቸው ሽማግሌዎችን ለመኑ። የተሰጣቸው መልስ «ወንጌላዊ በእግዚአብሔር ይደገፋል እንጂ በመድን አይደገፍም» የሚል ነበር። «የሽማግሌዎቹ ቤተ ሰቦች ግን ሁሉም የመድን ደብተር አላቸው» አሉኝ፤ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። የምመልሰው አልነበረኝም። «ጌታ ያውቃል» ብዬ አለፍሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ የቴይለርን መጽሐፍ አወጣሁና ያንን ክፍል እንደ ገና አነበብሁ። ያስተማርሁት ታሪክ እኩሌታው ብቻ እንደ ሆነ ያን ጊዜ አየሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው። የምሟገትለትም ነጥብ አንድ ነው፤ በእግዚአብሔር መደገፍ አማኝ ስለ ራሱ የሚመሰክረው ነገር ነው፤ የሌላውን እንጀራ ለማስቀረት ስንጠቀምበት ግን ቃሉ መንፈሳዊ ሆኖ ሳለ ሥራው ዐመፅ ይሆናል።

የተተወው እኩሌታ

ቴይለር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1853 ከሊቨርፑል ደምፍሪስ በተባለች መርከብ ሲነሣ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ጉዞው ገና እንደ ተጀመረ በዌልስ ጠረፍ አጠገብ ብርቱ ማዕበል ተነሣ፤ መርከቧም ከድንጋያማው ዳርቻ ልትላተም ተቃረበች። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የሕይወት ትዝታው ስለዚያች ሌሊት ሲጽፍ፣ ቀበቶውን የያዘው እናቱ አጥብቀው ስለ ለመኑት እንደ ነበረ ይናገራል። ቀበቶው በእጁ ሳለ በእግዚአብሔር መታመን ያቃተው መሰለው። የመዳን ተስፋ ሲጠፋ ለሌላ ሰጠው፤ ያን ጊዜም ልቡ ፍጹም ዐረፈ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናቆመው እዚህ ላይ ነው። ቴይለር ግን አላቆመም። ቀበቶውን ከሰጠ በኋላ መርከቧ ስትሰበር ሊንሳፈፉ የሚችሉ ቀላል ዕቃዎችን እንደ ሰበሰበና ይህም ከቀድሞው ሐሳቡ ጋር እንደሚጋጭ ፈጽሞ እንዳልታሰበው ይጽፋል። ቀጥሎም ቀበቶውን መስጠቱን በግልጽ ስሕተት ይለዋል። በዘመኑ ስለ እምነት ፈውስ የተሳሳተ ትምህርት ይሰጡ የነበሩ ሰዎች በብዙ አማኞች ላይ ያደረሱትን ጉዳት ያነሣና ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። መደምደሚያው ሲጠቃለል፣ እግዚአብሔር የሰጠንን መሣሪያ መጠቀም እምነታችንን ሊቀንስ አይገባም፤ እምነታችንም መሣሪያውን ከመጠቀም ሊከለክለን አይገባም የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሲጓዝ ቀበቶ ይይዝ ነበር። ሕክምና የተማረ ሰው ስለ ነበረም፣ በእጅ ያለውን መድኃኒት ትቶ በጸሎት ብቻ መዳንን መጠበቅ፣ ምግብ ትቶ በጸሎት ብቻ ለመኖር እንደ መሞከር ያለ ድፍረት ነው ይላል።

ስለዚህ የጸሐፊው ዓላማና የእኛ አጠቃቀም ተቃራኒዎች ናቸው። እርሱ ስሕተቱን ሊያስጠነቅቅ የጻፈውን እኛ ምሳሌ አድርገን ሰበክነው። አንድን የቅዱስ መጽሐፍ ክፍል ከዐውዱ ነጥሎ መስበክ ስሕተት መሆኑን ለተማሪዎቻችን እናስተምራለን፤ የእምነት አባቶችን ታሪክ ግን ያለ ዐውድ መተረክ የተፈቀደ ይመስለናል።

ሰላም ማስረጃ ነውን?

በዚህ ክፍል ውስጥ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ የቴይለር ሰላም ነው። ሰላሙ እውነተኛ ነበር፤ እርሱ ራሱ ፍጹም ይለዋል። ነገር ግን የመጣው በኋላ ስሕተት ብሎ በጠራው ድርጊት ላይ ነው። በአብያተ ክርስቲያናችን አንድን ውሳኔ ከእግዚአብሔር ነው ለማለት «ጸለይሁበት፤ ሰላም ተሰማኝ» ማለት የተለመደ ነው። የቴይለር ምስክርነት ይህን መመዘኛ ብቻውን አያቆመውም። የልብ ዕረፍት ከእግዚአብሔር ሊሆን ይችላል፤ ከውሳኔ ጭንቀት መገላገልም ሊሆን ይችላል። ቴይለር ጉዳዩ የተቋጨለት ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ቅዱሳት መጻሕፍትን በጸሎት ሲመረምር እንደ ሆነ ይናገራል። ስሜቱን ቃሉ መረመረለት።

ይህ በተለይ መሪዎችን ይመለከታል። ሽማግሌዎች ያለ ደመወዝ ወንጌላዊ ሲልኩ ሰላም ሊሰማቸው ይችላል። ሌሊቱን የማይተኛው ግን ወንጌላዊው ነው። ዋጋውን ሌላ ሰው በሚከፍለው ውሳኔ ላይ የሚሰማን ሰላም ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል።

«መደገፍ» የሚለው ቃል

ምክራችንን የምንመሠርትበት ዋና ክፍል ምሳሌ 3፥5 ነው፤ በእግዚአብሔር መታመንን ያዝዛል፣ በራስ ማስተዋል መደገፍን ይከለክላል። «መደገፍ» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ግሥ የሰውነትን ክብደት በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍን የሚገልጽ ነው። ሶምሶን በቤቱ ምሰሶዎች ላይ ሊደገፍ ሲለምን (መሳ. 16፥26)፣ ሳኦልም በጊልቦዓ በጦሩ ላይ ተደግፎ ሲገኝ (2 ሳሙ. 1፥6) የምናገኘው ቃል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ክብደታችን ያረፈው በምን ላይ ነው የሚል ነው። በእጃችን ምን እንደ ያዝን ብቻ በማየት አይመለስም። ምርኩዝ የያዘ ሁሉ አልተደገፈበትም፤ ባዶ እጁን የሆነም ሁሉ በእግዚአብሔር አልተደገፈም። ባዶ እጁን ሆኖ በራሱ ጀግንነት የሚደገፍ ሰው አለ።

የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ይህን በኑሮ ያውቁታል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለ ታንኳው ሲመለስ ከውኃ አውጥቶ በዳርቻው ያደርቀዋል። ጠዋት የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ የሚገባው ያው ሰው ነው። ታንኳውን ማድረቁን እምነት ማጣት የሚለው የለም። ገበሬውም ዘር ሲያስቀር፣ መንደሩም ዕድር ሲገባ እንዲሁ ነው።

ከዚህም በላይ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ልናነብብ ይገባናል። በዚያው በምሳሌ 3 ከቁጥር 27 እስከ 28፣ ማድረግ እየተቻለን ለሚገባው ሰው በጎ ነገርን እንዳንከለክል፣ በእጃችን እያለም ለባልንጀራችን ነገ ተመለስ እንዳንለው ታዝዘናል። በእግዚአብሔር መደገፍና ለሠራተኛ የሚገባውን በጊዜው መስጠት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ የአንዱ ጥበብ ሁለት ፊቶች ናቸው። ቁጥር 5ን ለወንጌላዊው የሰበከ ሽማግሌ ቁጥር 27 ለራሱ የተጻፈ መሆኑን ማየት አለበት። ያዕቆብም የሚበላና የሚለብስ ያጣውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ አሰናብቶ የሚሰድደውን እምነት የሞተ ይለዋል (ያዕ. 2፥15-17)።

ቴይለር ያልደረሰበት

እስከ አሁን ከቴይለር ጋር ቆሜ ተከራከርሁ። ትረካው ግን ድካም አለው። በዚያ ሌሊት የምናየው አንድ ወጣት፣ አንድ ቀበቶና አንድ አምላክ ነው። መርከበኞቹ በታሪኩ ውስጥ ቢኖሩም በመንፈሳዊው ጥያቄ ውስጥ የሉም። «እኔ መሣሪያ ብጠቀም እምነቴ ይጎዳልን?» የሚለው ጥያቄ ተመለሰ፤ «አጠገቤ ያለው ሰው ቀበቶ አለውን?» የሚለው ግን አልተነሣም።

የሐዋርያት ሥራ 27 ይህን ይሞላል። ጳውሎስ በመርከቧ ካሉት አንድም ነፍስ እንደማይጠፋ የእግዚአብሔርን ተስፋ ተቀብሏል (27፥22-24)። ይህን ተስፋ የያዘው ሰው ግን መርከበኞቹ በታንኳ ሊሸሹ ሲሞክሩ፣ እነዚህ በመርከቧ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም ብሎ ለመቶ አለቃው ያስታውቃል (27፥31)። ተስፋው የባለ ሙያዎቹን ሥራ አላስቀረውም፤ ይልቁንም እንዲቆዩ አስገደደ። ከዚያም ለ14 ቀን በጭንቀት ለቆዩት ሁሉ ምግብ እንዲበሉ ለመነ፤ እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት አመሰገነ፣ ቆረሰም። ሉቃስ ቁጥራቸውን 276 ብሎ መመዝገቡ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በመጨረሻም መዋኘት የሚችሉት ዋኝተው፣ ሌሎቹ በሳንቃና በመርከቧ ስብርባሪ ላይ ሆነው ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ወጡ። የእግዚአብሔር ተስፋ በሳንቃ ተፈጸመ። የጳውሎስ መደገፍም ሌሎቹ በልተው መበርታታቸውን በማየት ተገለጠ።

የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የቴይለር የቻይና ተልእኮ (1865) አርአያ ከሆነላቸው የእምነት ተልእኮዎች አንዱ ሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን ገባ። ሚስዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1937 ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አገኙ። ይህን ታሪክ የውጭ ድጋፍ ሳይኖር እግዚአብሔር ብቻውን የሠራው ብለን እንተርካለን፤ ልክ ነው። ነገር ግን የእግዚአብሔር ሥራ በምን በኩል መጣ? ሬይመንድ ዴቪስ ስለዚያ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የታሰሩ ወንድሞችን ስንቅ ተሸክመው የሚያበሉ ምእመናን አሉ። በኋላም ከወላይታ ወደ ሌሎች ሕዝቦች የወጡ ወንጌላውያንን ከኋላቸው ሆነው በስጦታቸው የደገፉ አጥቢያዎች ነበሩ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን በእግዚአብሔር መደገፍዋ በአንዱ ቤት ተጋግሮ ወደ ሌላው በሚሄድ እንጀራ ይታይ ነበር።

የሚነሣ ተቃውሞ

«ቴይለርና የብሪስቶሉ ጆርጅ ሙለር ራሳቸው ያለ ደመወዝ ኖረው የለምን?» የሚል ይኖራል። ኖረዋል። የቻይናው ተልእኮ ለሠራተኞቹ የተወሰነ ደመወዝ ቃል አይገባም ነበር። ነገር ግን እጩዎች ይህን አስቀድመው እያወቁ ነበር የሚገቡት፤ የመጣው ገንዘብ ይከፋፈል ነበር፤ ለመሪው ለቴይለርም የተወሰነ ደመወዝ አልነበረውም። ሙለርም ከ1836 ጀምሮ በሕይወት ዘመኑ ወደ 10,000 የሚጠጉ ወላጅ አልባ ልጆችን ሲረዳ የገባውንና የወጣውን ሒሳብ በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳትም ነበር። የእነርሱ መደገፍ በፈቃድ የተገባበት፣ መሪው የሚጋራው፣ ሒሳቡም በግልጽ የሚታይ ነበር። ለልጆቹ ምግብ በጠፋበት ቀን ሙለር የጸለየው እንዲበሉ ነው፤ እምነታቸው እንዲፈተን ምግብ አልከለከላቸውም።

ከዚህ በመነሣት አንድ መሪ «በእግዚአብሔር ተደገፍ» ብሎ ከመምከሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ራሱን ሊጠይቅ ይገባል እላለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሰው የሚተወው ነገር የራሱ ነው ወይስ እኔ የከለከልሁት? ሁለተኛ፣ እኔ በዚሁ ጉዳይ የምኖረው እንደምመክረው ነውን? ሦስተኛ፣ የሚያስፈልገው ነገር በእጄ ወይም በጉባኤው እጅ አለን? ለሦስተኛው መልሱ «አለ» ከሆነ፣ ምናልባት እግዚአብሔር ለዚያ ሰው ጸሎት የሰጠው መልስ በእኛ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። በእውነት ከሌለ ደግሞ፣ አብረን ልንጾምና ልንጸልይ፣ ያለውንም ጥቂት ልንካፈል እንችላለን፤ ያን ጊዜ «በእግዚአብሔር እንደገፍ» ማለት በአፋችን ያምራል።

ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ወደ እኚያ ወንጌላዊ ደውዬ ያልተረክሁትን እኩሌታ ነገርኋቸው፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «መምህር፣ ይህን ለእኔ ሳይሆን ለሽማግሌዎች ነበር መንገር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጽሑፉን ወደዚህ መጽሔት የላክሁትም የሚያነብቡት እነርሱና ነገ እነርሱን የሚያሠለጥኑ ተማሪዎች ስለ ሆኑ ነው።