ስለ አሾካ የቋጥኝ ዐዋጅ

የህንዱ ንጉሠ ነገሥት አሾካ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት፥ ዐዋጁን በቋጥኝና በዓምድ ላይ አስቀርጾ ነበር። ብራህሚ የተባለው ፊደል ለብዙ ዘመን አንባቢ አጥቶ ከኖረ በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ጄምስ ፕሪንሴፕ ስለ ፈታው፥ የንጉሡ ቃል ዳግመኛ ለመሰማት በቃ።

ከነዚህ ጽሑፎች መካከል እጅግ የሚያስደንቀን 13ኛው የቋጥኝ ዐዋጅ ነው። ንጉሡ ካሊንጋን በወጋ ጊዜ 100,000 ሰው እንደ ተገደለ፥ 150,000 ሰውም ከአገሩ እንደ ተጋዘ ራሱ ገልጾ፥ በሥራው መጸጸቱን ይናገራል። ድል አድራጊ ሆኖ ሳለ፥ የገዛ በደሉን ቍጥር ሳይሸሽግ በድንጋይ ማስቀረጹ የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን የምንነቅፈው አለ። በዚያው በካሊንጋ ምድር፥ በዳውሊና በጃውጋዳ ቋጥኞች ላይ ይህ ዐዋጅ አይገኝም። በምትኩ ንጉሡ ሰውን ሁሉ እንደ ልጆቹ እንደሚያይና ሹማምንቱም በፍርድ እንዳያዳሉ የሚያስታውቁ ሁለት ሌሎች ዐዋጆች ተቀርጸዋል። ይህ የሆነው ምናልባት ቍስሉን ላለመቀስቀስ ይሆናል፤ ትእዛዙም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጸጸትን አስቀድሞ መስማት የሚገባው የተበደለው ሰው ነው።

ስለዚህ ጥንታዊ ጽሑፍ ስንመረምር፥ ምን እንደ ተጻፈ ብቻ ሳይሆን፥ የት ሳይጻፍ እንደ ቀረም መጠየቅ ይገባናል።